ጀጎል ያለ አስጎብኚ

ሐረርን ያያችኋት ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ከሆነ፣ ገና ብዙ ይቀራችኋል ባይ ነኝ። አስጎብኚዎቹን ለመንካት አይደለም፤ ብዙዎቹ ታሪኩን አብጠርጥረው ያውቁታል። ግን የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት፣ የራስ ተፈሪ ቤት፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ማየት፤ በቃ ቀኑ አለቀ። በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ የጀጎል፣ ውበት ደግሞ ከአንዱ በር ተነስቶ ወደ ሌላው በእግር ሲኬድ ነው የሚገኘው።

በእግር ከተማ ማየት የለመድኩት ሆላንድ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ ነው። ትምህርት በሌለ ቀን በባቡር ላይደን እሄድና ካርታ ይዤ ብቻዬን እዞር ነበር። ላይደን በ1574 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የስፔን ጦር ከቦ በረሃብ የፈጃት ከተማ ናት። ከበባው የተሰበረበትን ኦክቶበር 3 ዛሬም ሄሪንግ በሚባል ዓሣና በነጭ ዳቦ ያከብሩታል። በዓመቱ በ1575 ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላት። የድሮው የከተማ ቅጥር ግን ዛሬ የለም ማለት ይቻላል። ከበሮቿም የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ በ1667፣ ሌላው በ1669 የተሠሩ። ቅጥሩ የነበረበትን ዙሪያ ግን ውኃውን ተከትለው መናፈሻ አድርገውታል፤ ሰዉ ዛሬ በቦታው የሌለን ግንብ ተከትሎ ይዞራል። እዚያ ስሄድ ሐሳቤ ሁሉ ሐረር ነበር። የኛ ግንብ እኮ ቆሟል! አምስቱም የጥንት በሮች እስከ ዛሬ ሰውና አህያ ያስተላልፋሉ።

የድሬ ልጅ ነኝ። ድሬዳዋ ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላቃተው በ1902 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከዚራ በሚባለው ሰፈሯ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ከዚህ ጫፍ ሆነህ ያኛው ይታይሃል። ጀጎል ውስጥ ግን አሥር እርምጃ ሳትሄድ መንገዱ ይታጠፋል። ስለዚህ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልንገራችሁ።

ይህን የነገረኝ መኪና ግርግር ላይ ያገኘሁት ልብስ ሰፊ ነው። መኪና ግርግር ከመሃሉ አደባባይ፣ ከፈረስ መጋላ፣ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወርደው ጠባብ መንገድ ነው። ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ በራቸው ላይ ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን በእግር ይረግጣሉ። ጨርቅ ትገዛለህ፣ እዚያው ይለካሃል፣ እዚያው ይሰፋልሃል። የመኪናዎቹ ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሰው ከሰው ለመስማማት ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። መንገድ ስጠይቀው ሰውዬው ክሩን በጥርሱ በጠስ አደረገና፣ «እህቴ፣ ሽቅብ ከወጣሽ ፈረስ መጋላ ነው። ቁልቁል ከወረድሽ ግንቡ ያቆምሻል። ግንቡን ይዘሽ ከሄድሽ በር አታጪም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፈረስ መጋላ ከፍ ያለው ላይ ነው፣ ዋናዎቹ መንገዶችም ከእሱ ወደ በሮቹ ይወርዳሉ። ጀጎል የሚያህለው ደግሞ 48 ሔክታር ነው፤ ቢጠፋበትም ሩቅ አይጠፋም። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። በአሚሮቹ ጊዜ ማታ ማታ በሮቹ ይዘጉ ነበር።

እኔ የምወደው ጉዞ እንዲህ ነው። በማለዳ ከፈረስ መጋላ ተነስቶ በመኪና ግርግር መውረድ፣ ግድር መጋላ ላይ ትንሽ መቆም፣ ከዚያ ወደ ኤረር በር። ሐረሪዎቹ አርጎብ በሪ ይሉታል። ከገጠር የሚገቡ ሴቶች ጫትና ማገዶ ይዘው የሚቀመጡበት ነው። ከዚያ ግንቡን በቀኝ እጅ ሳይሆን በግራ አድርጋችሁ በውስጥ በኩል ወደ ሰንጋ በር፣ ቀጥሎ ወደ ቡዳ በር፣ ከዚያ ወደ ሸዋ በር። የሰሜኑ ፈላና በር ለብቻው ይሻላል፤ ጊዜ ይፈልጋል። ግንቡ ስር ቀዳዳ ብታዩ አትደነቁ፤ ጅቦቹ ማታ የሚገቡበት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ቤት፣ ሳታዩ እንዳትወጡ። እንግዳ የሚቀበሉ ቤቶች አሉ። ከውጭ ድንጋይ ግድግዳና አንድ በር ነው፤ ምንም አያስታውቅም። ግቢውን አልፋችሁ ስትገቡ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉ፤ ነደባ ይሏቸዋል። የአባወራው መደብ በሩን ያያል፣ ማን እንደገባ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ሰሃንና ስፌት ከታች እስከ ላይ ተሰቅሏል። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። የቤቱ እመቤት መደቡን በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው፣ በ1887 ከምኒልክ ጦር ጋር ጨለንቆ ላይ ተዋግተው ለወደቁት ሐረሪዎች መታሰቢያ መሆኑን ሲነግሩኝ ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። አስጎብኚ ሰዓቱን እያየ ቢጠብቀኝ ኖሮ ያን ያህል አልቀመጥም ነበር።

የራስ ተፈሪ ቤት ግቡ፣ የበሩ ቅርጽ ላይ የህንዶቹን ጋኔሻ ታያላችሁ፤ የሠራው የህንድ ነጋዴ ስለሆነ ነው። ራምቦ ቤትም የድሮ ሐረር ፎቶዎች አሉ። እነዚህን በራሳችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

አርብ በስድስት ሰዓት አትሂዱ፣ ሱቁ ለጁምዓ ይዘጋል። ከምሳ በኋላም በርጫ፣ ማለትም ጫት የሚቃምበት ሰዓት፣ ነው፤ ከተማው ፀጥ ይላል፣ ቤት የሚከፍትላችሁ አይገኝም። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ሰላምታ ደግሞ ከሁሉ ይቅደም።

አንድ ነገር በጣም እመኛለሁ። ጀጎል በ2006 የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ ውስጡ 82 መስጊድና 102 የአዋች፣ ማለትም የቅዱሳን መታሰቢያ፣ ቦታዎች አሉ። በየበሩ ስሙን በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የጻፈ፣ ቀጣዩ በር በየት እንደሆነ በቀስት የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ ቢቆም፣ ከድሬ ለግማሽ ቀን የሚመጣ ተማሪ እንኳ ብቻውን ይዞረው ነበር። ላይደን ለሌለ ግንብ ይህን ያህል ደክማለች። እስከዚያው ግን በሮቹን ቅደም ተከተላቸውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ፣ ከድሬ ወደ ሐረር ከሚያወጣው ከደንገጎ ዳገት በላይ ብርድ ስለሚኖር ነጠላ ወይም ሹራብ አትርሱ።