መጽሐፉን ከፊልሙ ጋር ላወዳድር ብዬ ረሃቡን ዘለልኩት

ልቦለድ አንብባችሁ ፊልሙን ደግሞ በጋራ አይታችሁ ለማወዳደር ያሰባችሁ ካላችሁ ይሄን አንብቡት። እኔ ሳልጀምር በፊት አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ሁለት ወር የለፋሁበት ቅዳሜ እንደዛ ሆኖ አይቀርም ነበር።

አዳማ ውስጥ አስራ አራት ሰው ያለበት የንባብ ቡድን አለን። አስተማሪ አለ፣ የባንክ ሰራተኛ አለ፣ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ፣ አንድ ጡረታ የወጡ ነርስም አሉ፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ እሳቸው እስከዛሬ ከተማውን ናዝሬት ነው የሚሉት። በየአስራ አምስት ቀኑ ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ እንገናኛለን። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን እናንብብ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፊልሙንም አይተን እናወዳድር ያልኩት እኔው ነኝ።

የመረጥኩት በትርጉሙ ምክንያት ነው። አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቼል ልቦለዱን «Gone with the Wind» ብላ ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፣ በዓመቱ ፑሊትዘር ተሸለመችበት፣ ፊልሙ ደግሞ በ1939 ወጣ። ነቢይ መኮንን ያንን ከሺ ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ የተረጎመው በደርግ ጊዜ ማእከላዊ ታስሮ ነው፣ ያውም በሲጋራ ፓኮ ወረቀት፣ ሶስት ሺ ገደማ ቁራጭ ላይ፣ ከዛ ቁራጭ ቁራጩ በየተራ ከእስር ቤት ወጣ። የአማርኛው ርእስ የመጣው ከመጽሐፉ የመጨረሻ አረፍተ ነገር ነው፣ ያንን አረፍተ ነገር ማእከላዊ ሆኖ የጻፈ ሰው አለ ብዬ ሳስብ መጽሐፉን ከሌላ ነገር ጋር ላስተያየው አልቻልኩም።

መጽሐፉን ማግኘት ቀላል ነበር፣ አምስት ኮፒ ተገኘ፣ ሁለቱን አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገዛሁ፣ ሌላው ከቤት የመጣ ነው፣ ተቀባበልን። ሁለት የዩኒቨርሲቲ ልጆች እንግሊዝኛውን በስልካቸው አነበቡ። ፊልሙ በፍላሽ ተገኘ። ፕሮጀክተር ከአንድ አባላችን፣ ስፒከር ከሰርግ ቤት ተከራየን። እዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም።

ከዛ ሰንጠረዥ ሰራሁ። ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን፣ ገጸባህሪ፣ መቼት፣ ሴራ፣ ጭብጥ ብዬ በኤክሴል፣ በአንድ በኩል መጽሐፉ በሌላ በኩል ፊልሙ፣ ሶስተኛው አምድ ላይ «ልዩነት»። ፊልሙን ሁለት ሌሊት ብቻዬን እያቆምኩ እያስጀመርኩ አየሁና አርባ ሰባት ልዩነት አወጣሁ። በጣም ነው የኮራሁበት፣ እውነቴን ነው። ዋናዋ ገጸባህሪ ስካርሌት በመጽሐፉ ከሶስት ባሎቿ የሶስት ልጆች እናት ናት፣ ከቻርልስ ዌድ፣ ከፍራንክ ኤላ፣ ከሬት ቦኒ፣ ፊልሙ ላይ ያለችው ቦኒ ብቻ ናት። እግሩን በጦርነት ያጣው ዊል ቤንቲን፣ የስካርሌትን ቤተሰብ እርሻ ታራን ቀጥ አድርጎ ያቆመው ሰውዬ፣ ፊልሙ ላይ ጭራሽ የለም። ፍራንክና ስካርሌት የምትወደው አሽሊ ጥቁሮችን ያሸብር የነበረው የነጮች ስውር ቡድን የኩ ክሉክስ ክላን አባል መሆናቸው መጽሐፉ ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ፊልሙ ስሙን ሳይጠራ «የፖለቲካ ስብሰባ» ብሎ ያልፈዋል። መጽሐፉ ገና በመጀመሪያው አረፍተ ነገር ስካርሌት ቆንጆ አልነበረችም ይላል፣ ፊልሙ ደግሞ ቆንጆዋን ተዋናይ ቪቪያን ሊን አመጣልን። ሬት በመጨረሻ የሚላት ዝነኛ ንግግር ላይ እንኳ ፊልሙ ከፊት አንድ ቃል ጨምሯል።

ከሁሉም በላይ ያናደደኝ የዌድ ነገር ነው። አትላንታ ስትቃጠል በሸሹበት ጋሪ ላይ ከአሽሊ ሚስት ከሜላኒና ከአራስ ልጇ ጋር አንድ የፈራ የራበው ትንሽ ልጅ ነበር፣ ፊልሙ አውጥቶ ጣለው። የራበው ልጅ ከሌለ የእናትየው ጭካኔ ከየት መጣ? ይሄን በትልቁ ጽፌ ቀይ ቀለም ቀባሁት። ሁለቱም ላይ ያሉትን ትእይንቶች ግን ከታች አጠራቅሜ «ልዩነት የለውም» ብዬ አለፍኩ፣ ከነሱ አንዱ «ረሃብ፣ ስሩን ቆፍራ የበላችበት» የሚል ነበር።

አሁን ወደ አዳራሹ ልምጣ።

ካፌው ውስጥ አራት ሰዓት ሊጠጋ ምንም የማይቀረው ፊልም ማየት አይቻልም ብለን የአንድ መስሪያ ቤት አዳራሽ ጠየቅን። በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ከሶስት ቀን በፊት በደብዳቤ ማሳወቅ በቂ ነው ይላል። እኔ ለጥንቃቄ ሰኞ ጠዋት አስገባሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ማህተም የለውም አለችኝ፣ የንባብ ቡድን ማህተም ከየት ያመጣል ብላት እሱን ኃላፊውን አናግር አለች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ማክሰኞም ስብሰባ ላይ ናቸው። ረቡዕ አገኘኋቸው፣ ደብዳቤውን ሳያነቡ ፊልሙ ስለምንድነው አሉኝ፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ፣ ፖለቲካ አለው? አሉ። ከ1861 እስከ 1865 የነበረ ጦርነት ነው ጌታዬ፣ የሰውየውና የሴትየዋ የፍቅር ታሪክ ነው አልኳቸው፣ እንዲህ አሳንሼ ስናገር ራሱ አፈርኩ፣ ምክንያቱም የፍቅር ታሪክ ብቻ አይደለም። የፊልሙን ጭምቅ ሀሳብ በአንድ ገጽ ጽፈህ አምጣ አሉ። ሐሙስ ጽፌ ወሰድኩ። «ይፈቀድ» ብለው መሩልኝ፣ ፈርመው ቲተር አደረጉበት፣ እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ስህተቴ እዚህ ጋ ነው፣ የተመራውን ኮፒ አልወሰድኩም፣ ወደ ንብረት ክፍልና ወደ ጥበቃ በራሱ የሚሄድ መስሎኝ።

ቅዳሜ ልንጀምር የነበረው ሰባት ሰዓት ነው፣ አዳራሹ አስራ ሁለት ላይ ይዘጋል፣ አምስት ሰዓት አለን፣ ፊልሙን አይተን አንድ ሰዓት እንወያያለን። ስድስት ተኩል ላይ ስፒከሩን በባጃጅ ጭነን ደረስን። ጥበቃው ደብዳቤ አልደረሰኝም አለ። ተመርቷል፣ ፈርመዋል አልነው፣ እሱ ላይ እኔ አልፈርድም፣ ወረቀት ካልያዘ ሊከፍት አይችልም። ቁልፉም እሱ ጋ አይደለም፣ ንብረት ክፍል ያለው ሰውዬ ጋ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ለቅሶ ሄዷል። ኃላፊው ስልክ አያነሱም። በዛ የአዳማ ፀሐይ አስራ አራት ሰው፣ ከነሱ ውስጥ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬ፣ ግድግዳ ጥላ ስር ቆመን ስምንት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ተኩል ሆነ። ሁለት ሰው ተስፋ ቆርጦ ሄደ። ቁልፉ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ መጣ፣ ኬብል ስናገናኝ ዘጠኝ ሆነ፣ ሰውየው ደግሞ ገና ሲገባ «አስራ ሁለት ላይ ዘግቼ እሄዳለሁ» አለ። ኃላፊው ሰኞ ሳገኛቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ፣ «ደብዳቤውን መከታተል የጠያቂው ግዴታ ነው»። ይሄ ማስታወቂያው ላይ የለም። እስካሁን ያናድደኛል።

እና ሶስት ሰዓት ቀረን፣ ፊልሙ ራሱ ከዛ በላይ ነው። እዛው ላፕቶፑ ጋ ቆሜ ሰንጠረዤን ከፈትኩና ልዩነት የሌላቸውን እዘላለሁ ብዬ ወሰንኩ። ከአትላንታው እሳት ቀጥሎ ወደ ታራ የተመለሰችበትን፣ ባዶ ቤት ያገኘችበትን፣ እናቷን ሞታ ያገኘችበትን፣ እስከ ፊልሙ የመሃል እረፍት ድረስ ያለውን በሙሉ ጎትቼ አሳለፍኩት። ከዛም ሁለት ቦታ ዘለልኩ። አስራ አንድ ተኩል ላይ ሬት በሩን ከፍቶ ወጣ፣ መብራቱን አበራሁና ሰንጠረዤን ማንበብ ጀመርኩ። ዌድ፣ ኤላ፣ ዊል ቤንቲን። ሰዎቹ ዝም ብለው ይሰማሉ። ፊልሙ የራበውን ልጅ አውጥቶ ጣለው ስል እትዬ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ረሃቡ የታለ?»

እኔ ስለ ዌድ የሚጠይቁ መስሎኝ ማስረዳት ቀጠልኩ። «አይደለም» አሉኝ፣ «ከመሬት ቆፍራ የበላችበት። እሱን ላይ ነው የመጣሁት። ፊልሙ የለውም እንዴ?» አለው፣ ሰዓት ስላጠረን ዘለልኩት አልኳቸው። ሌላ ምንም አላሉም፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እትዬ በ77 ኮረም መጠለያ ነርስ ሆነው እንደሰሩ ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔም አውቃለሁ፣ ግን ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑ ጋ ስቆም ትዝ አላለኝም። ፊልም ሰሪውን ልጅ ቆረጠ ብዬ ወር ሙሉ ስከስ ከርሜ ረሃቡን በሙሉ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ማታ አልተኛሁም። የፊልሙን ጽሑፍ ጻፈ ተብሎ ስሙ የተመዘገበው ሲድኒ ሃዋርድ ትዝ አለኝ፣ ፊልሙ ሳይታይ በ1939 በአደጋ ሞተ፣ ኦስካሩን ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው። ሺ ገጽ ይዞ ከየትኛው ልቁረጥ ሲል የነበረውን ሰውዬ ያን ቀን ነው የገባኝ፣ ፊልሙ ግን ረሃቡን አልቆረጠውም፣ ከእረፍቱ በፊት የመጨረሻው ትእይንት ሆኖ ነው የተቀመጠው።

በአስራ አምስተኛው ቀን ካፌው ተመለስን፣ ላፕቶፕ ይዤ፣ ያቺን ትእይንት ብቻ። መጀመሪያ አንዷ ተማሪ ከመጽሐፉ ክፍሉን ጮክ ብላ አነበበች፣ ከዛ ፊልሙን ከፈትን፣ ከዛ እንደገና አነበበች። ሌላ ምንም አላደረግንም፣ ሶስት ሰዓት ተከራከርን።

መጽሐፉ ላይ ስካርሌት ምግብ ፍለጋ የምትሄደው ወደ ትዌልቭ ኦክስ ነው፣ የአሽሊ ቤት ተቃጥሎ አመድ ሆኗል፣ የጌቶቹ ጓሮ ባዶ ነው፣ የሚበላ ያገኘችው ከኋላ በባርነት ተይዘው የነበሩት ጥቁሮች ጎጆ ጋ በራሳቸው ጓሮ ከተከሉት ነው። ፍጅሉን ከነአፈሩ በላችው፣ ወዲያው አስመለሳት፣ እዛው መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ተኛች። ፊልሙ ትዌልቭ ኦክስ አይወስዳትም፣ እዛው ታራ መሬት ላይ ነው። ታነሳለች፣ ትበላለች፣ ትወድቃለች፣ ከዛ ተነስታ እጇን ጨብጣ እግዚአብሔርን ምስክር አድርጋ ዳግመኛ አልራብም ትላለች፣ ካሜራው ወደኋላ እየራቀ ሰማዩ ቀልቶ እሷ ከዛፉ ጋር ጥቁር ጥላ ትሆናለች። «ልዩነት የለውም» ብዬ የጻፍኩት ይሄን ነው።

አንደኛው አስተማሪ ነው ያየው፣ ቦታው ሲቀየር ያንን ፍጅል የተከለው እጅ ጠፋ አለ። የጌቶቹ ልጅ በነማን ጓሮ እንደተረፈች መጽሐፉ፣ ያ ሁሉ ስለ ባርነት ያለው የተጣመመ አመለካከት እያለው፣ ሳያስበው ይናገራል፣ ፊልሙ ደግሞ የአባቷ መሬት አበላት ያስመስላል። ከዛ ወሬው ወደ ስካርሌት ሞግዚት ወደ ማሚ ሄደ፣ ሃቲ ማክዳንኤል በዛ ሚና ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆና ሳለ አትላንታ ላይ ፊልሙ ሲመረቅ በዘር መለያየቱ ሕግ ምክንያት ልትገኝ እንዳልቻለች፣ ኦስካሩም ላይ ከሌሎቹ ተለይታ እንደተቀመጠች ተነጋገርን። ከሰንጠረዤ አርባ ሰባት መስመር አንዱም እዚህ አላደረሰንም ነበር።

እትዬ መጽሐፉ ልክ ነው አሉ። የራበው ሰው እጁን አያነሳም፣ ይተኛል፣ ያስመልሰዋል፣ ብዙ ጊዜ ከቆየ በኋላ የበላው አይስማማውም፣ እኛ በማንኪያ ነበር የምንጀምረው አሉ። አንዷ ተማሪ ደግሞ ፈራ ተባ እያለች እኔ ተርቤ አላውቅም፣ መጽሐፉን ሳነበው አልፌው ሄድኩ፣ ፊልሙን ሳይ ግን ተነሺ ተነሺ እያልኩ ነበር አለች። እትዬ እሷን በጣም አዩዋትና «እሱም ያስፈልጋል» አሏት።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ አስተማሪዎች ባይወዱትም፣ የገጸባህሪ የመቼት ሰንጠረዡን ተዉት። ማን ቀረ ማን ተጨመረ ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለቱም ላይ ያለ አንድ ትእይንት ምረጡ፣ ቃል በቃል የሚመሳሰል የሚመስላችሁን፣ እሱን አንብቡ፣ እዩ፣ እንደገና አንብቡ። ፊልሙን በሙሉ ሁሉም በየቤቱ ይየው፣ መጽሐፉን ከጨረሰ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፣ ፊልሙን አስቀድመው ያዩት ልጆች እስከ መጨረሻ ስካርሌትን በቪቪያን ሊ ፊት ነው ያነበቧት። የትኛው ይሻላል ብላችሁም አትጀምሩ፣ ባቡር ጣቢያው ሜዳ ላይ ቁስለኞቹ ተደርድረው ካሜራው ከፍ እያለ ቁጥራቸው ማለቂያ ሲያጣ ፊልሙ ያደረገውን ስንት ገጽ ቢጻፍ አያደርገውም፣ ስካርሌት ለራሷ «ነገ አስብበታለሁ» እያለች የምትሸሸውን ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ነው ከሷ ጋር የምትሸሹት።

አዳራሽ የግድ ከሆነባችሁ ሶስት ቀን የሚለውን አትመኑ፣ ሁለት ሳምንት አድርጉት፣ ከሚያውቃችሁ ተቋም ማህተም ያለው ደብዳቤ አጽፉ፣ የተመራበትን ኮፒ ቁጥሩን አስጽፋችሁ በእጃችሁ ያዙ፣ አንዱን ለጥበቃ አንዱን ለንብረት ክፍል ራሳችሁ ስጡና አስፈርሙ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንደሚያድር ከነስልኩ ጠይቁ።

እኛ ግን ከእንግዲህ አዳራሽ አንጠይቅም። ለሚቀጥለው ትእይንቱን የሚመርጡት እትዬ ናቸው፣ እስካሁን አልነገሩንም፣ መጽሐፉን ይዘውት ሄደዋል።