ጭዱ ሲታጎር

የድንች ስታርች ብቻውን ፌስታልን አይተካም። ከውሃና ከግሊሰሪን ጋር ተሞቆ ሳህን ላይ ሲፈስና ሲደርቅ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፊልም ይወጣዋል። ያምራል። ግን ቶሎ ይቀደዳል፤ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ይልፈሰፈሳል። ናኖ መሙያ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ቅንጣት፣ የሚጨመርበት ለዚህ ነው። መሙያው በደንብ ከተሰራጨ ፊልሙን ያጠነክራል። እንፋሎትም ቀጥ ብሎ ማለፉ ይቀርና በመሙያው ዙሪያ እየተጠማዘዘ ለመሄድ ይገደዳል።

ባሕር ዳር በምሠራበት ላብራቶሪ አንድ የማስተርስ ተማሪ የያዘው ሥራ ይሄው ነበር። ድንቹ ከእንጅባራ በኩል የመጣ፣ መሙያው ከጤፍ ጭድ የወጣ ናኖሴሉሎስ፤ የተክል ክር ዋና አካል የሆነው ሴሉሎስ ደቃቅ ቅንጣት ማለት ነው። ጎጃም ውስጥ ጭድ የሌለበት ቀዬ የለም፤ ሥራውን የወደድኩትም በዚህ ነው። ጭዱ በአልካሊ ይታጠባል፣ ይነጣል፣ ከዚያ 64 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በ45 ዲግሪ ይቆያል። አሲዱ የላላውን የሴሉሎስ ክፍል ይበላና ጠንካራዎቹን ክሪስታሎች ያስቀራል። ውፍረታቸው ጥቂት ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ። አሲዱ ታጥቦ ሲያልቅ የሚቀረው ነጣ ያለ ጄል ነው።

ጉዱ የታየው ሲለካ ነው። መሙያ ያለበት ፊልም ምንም ካልተጨመረበት ቀድሞ ተበጠሰ። ተማሪው መጠኑን ጨመረ። ባሰበት። ወቅቱ ክረምት ስለነበር እርጥበቱን የጠረጠሩ ነበሩ። ግን ናሙናዎቹ ከመለካታቸው በፊት የሚቆዩት የማግኒዥየም ናይትሬት ሙሌት ባለበት ዝግ ዕቃ ውስጥ ነው። ያ ጨው በ25 ዲግሪ እርጥበቱን 53 በመቶ አካባቢ ይይዘዋል። ውጭ ዶፍ ቢወርድም ፊልሙን አይነካውም።

ነገሩን ያገኙት የላብራቶሪ ቴክኒሺያናችን ናቸው። እዚያው ሲሠሩ የኖሩ እናት። ፊልሙን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ነጫጭ ነጥቦች እዚህም እዚያም ይታያሉ። የተበጠሰውን ጠርዝ አዩት። ቅዱ ከአንዱ ነጥብ ተነስቶ ነው የሄደው።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ደርቆ ነበር እንዴ?»

«አዎ እትዬ። ኦቨን ውስጥ አሳድሬ ፈጨሁት። ለሚዛን እንዲመች ብዬ።»

«በል ተወው። ጭቃ ሲቦካ ጭዱ ተበትኖ ነው የሚረገጠው። አንድ ቦታ ከታጎረ ግድግዳው ከዚያ ይሰነጠቃል።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም። ውሃው ሲተን ክሪስታሎቹ ይቀራረቡና በሃይድሮጅን ትስስር ይጣበቃሉ። ከዚያ በኋላ ውሃ ውስጥ መልሰህ ብትነክራቸው፣ ብትፈጫቸው፣ እንደ ቀድሟቸው አይበተኑም። ዱቄቱ ሲነካ የላመ ይመስላል፤ ግን ናኖ አይደለም። መጠኑን መጨመር እነዚያን የታጎሩ ነጥቦች ማብዛት ብቻ ነው።

የተማሪው ሐሳብ ግን ከመሬት የተነሳ አልነበረም። ጄሉ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ስንት ግራም መሙያ እንደገባ በዓይን አይታወቅም። መፍትሔው ጥቂት ጄል ብቻ ለይቶ ማድረቅና ደረቅ ይዘቱን ማወቅ ነው። ለምሳሌ ይዘቱ 2 በመቶ ከሆነ፣ 0.1 ግራም መሙያ ለማስገባት 5 ግራም እርጥብ ጄል መመዘን ይበቃል። የደረቀው ናሙና ወደ ድስቱ አይመለስም። የቀረው ጄል ሳይደርቅ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። ስታርቹ ላይ ከመጨመሩ በፊትም በረዶ ውስጥ ተቀምጦ በሶኒኬተር፣ በድምፅ ሞገድ በሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ፣ ይበተናል፤ በረዶው ጄሉ እንዳይግል ነው።

ተማሪው በዚህ መንገድ ሲሠራው ነጥቦቹ ጠፉ። በ3 በመቶ መሙያ ፊልሙ ከባዶው ይልቅ ጠነከረ። የመለጠጥ አቅሙ ቀንሷል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በየመመረቂያ ጽሑፉ የማየው ነገር ነው። መሙያው በመቶ ስንት እንደገባ ሠንጠረዥ ይሞላል፤ እንዴት እንደተበተነ ግን አንድ መስመር ነው፣ እሱም ከተገኘ። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሥራውን ለመድገም የሚነሳ ሌላ ልጅ ምን ይያዝ? አሁን በላብራቶሪያችን ደብተር ላይ «ጄሉ ደርቆ ያውቃል?» የሚል ዓምድ አለ። እንዲገባ የጠየቁት እትዬ ናቸው።

ያልተፈታው ውሃው ነው። ስታርች ውሃ ይወዳል፤ መሙያው መንገዱን ያረዝምበታል እንጂ አይዘጋውም። ችግኝ የሚፈላበት ፕላስቲክ ምትክ ይሁን ከተባለ ደግሞ በየቀኑ ይጠጣል። ተማሪው ቀጥሎ የሚሞክረው የጎጃም ንብ ሰም በስሱ መቀባት ነው። ሰም ውሃን ይገፋል።