ከካርቶን ጠረጴዛ እስከ ተጣጣፊው፦ በትንሿ ጀልባዬ ካቢን ውስጥ ሁለት ዓመት የፈጀው ሥራ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ መልህቅ ጥለን ራት እየበላን ሳለ አንድ ትልቅ የሞተር ጀልባ በአጠገባችን በፍጥነት አለፈ። ማዕበሉ ደረሰብንና ጀልባዋ ግራና ቀኝ ተላጋች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሙሉ ኩባያና አንድ ድስት ነበር። ድስቱ ተንሸራቶ ጠርዙ ላይ ያለው ክፈፍ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ጠረጴዛው ራሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ለሌላ ሰው ተራ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኔ ሁለት ዓመትና ሦስት ጠረጴዛ የፈጀ ሥራ ነውና ደስታው ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጀልባዬ 7.5 ሜትር ርዝመት ያላት ባለ ሸራ ናት። ካቢኗ ውስጥ በግራና በቀኝ መኝታም የሚሆኑ ሁለት መቀመጫዎች አሉ። በመካከላቸው ያለው ወለል ከኋላ 60 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል፣ ወደ ፊት እየጠበበ ሄዶ 45 ይሆናል። የጣሪያው ከፍታ 1.55 ሜትር ስለሆነ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ሁሌም ጎንበስ እንዳለ ነው።

ስገዛት የነበራት ጠረጴዛ በአንድ የአሉሚኒየም ቱቦ ላይ የሚቆም፣ ሲፈለግ ተነቅሎ የሚቀመጥ ዓይነት ነበር። ስለ እሱ ብዙ አልልም። ቱቦው የሚሰካበት ወለል ላይ ያለው መያዣ በጥቂቱ ከተበላ፣ ያቺ ትንሽ ልቅነት ላይኛው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ጣት የሚያህል መወዛወዝ ትሆናለች። መያዣውን በአዲስ ቀየርኩት፣ በጀልባዋ ከተጓዝንበት አንድ ወቅት በኋላ ያው ሆነ። ብዙዎች የሚወዱት ዝቅ ብሎ ሁለቱን መቀመጫዎች በማገናኘት ሰፊ መኝታ ስለሚሆን ነው። ያ ጥቅሙ ይገባኛል። ሰው የሚደገፍበት ጠረጴዛ በአንድ ቱቦ ላይ ብቻ መቆም የለበትም የሚለው አቋሜ ግን እስካሁን አልተለወጠም።

ስለዚህ ቋሚ ጠረጴዛ እሠራለሁ ብዬ ወሰንኩ። በትላልቅ ጀልባዎች ላይ አይቼው ነበር፤ ወለሉ ላይ በብሎን የታሰረ፣ ጀልባዋ ስታዘነብል እጅ የሚይዘው፣ ወገብ የሚደገፍበት ጠንካራ ነገር ነው። እንጨቱን ልቆርጥ ስል አንድ በዕድሜም በሙያም የሚበልጡኝ ጀልባ ሠሪ “መጀመሪያ በካርቶን ሥራውና ኑርበት” አሉኝ። ምክራቸውን የሰማሁት ለአክብሮት ያህል ነበር። ዛሬ ግን ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ ሰው ቢኖር ይህን እንዲወስድ እፈልጋለሁ።

80 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ቆርጬ፣ ከወለሉ 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ፣ በፕላስተር አጣብቄ ለሦስት ቅዳሜና እሁድ አብሬው ኖርኩ። ከፍታው ልክ ነበር፤ ከመቀመጫው ፍራሽ በላይ 28 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክንድ ሳይነሳ ይበላል። ሌላው ሁሉ አስቸገረኝ። ወደ ፊተኛው መኝታ ለመሄድ በጎን መሽሎክሎክ ነበረብኝ። የሸራውን ከረጢት በዚያ ማሳለፍ አልተቻለም። ከሁሉም የከፋው ከወለሉ ስር ውሃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ ለማየት የሚነሳው ሳንቃ በትክክል የጠረጴዛው እግር በሚያርፍበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። ውሃ ገባ አልገባ ብሎ ማየት የማይቻልበት ጀልባ ላይ መተኛት አልፈልግም።

ከዚያ ሂሳቡ መጣ። ጀልባዋ ስታዘነብል አንድ ሰው ሚዛኑን ስቶ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ 40 ኪሎ ያህል ጫና ወደ ጎን አሳረፈ እንበል። ጠርዙ ከወለል 70 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ የእግሩ ብሎኖች የሚራራቁት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። 70ን ለ20 ስናካፍለው 3.5 ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ በኩል ያሉትን ብሎኖች ወደ ላይ የሚነቅላቸው ኃይል 140 ኪሎ ነው። እነዚያን ብሎኖች የማስራቸው ደግሞ በሚነሳ ሳንቃ ላይ ነው። ከሳንቃው በታች ያሉት የጀልባዋ ቀፎና፣ ከስር ሆኖ ሚዛኗን የሚጠብቅላትን ከባድ ኪል የሚይዙት ብሎኖች ናቸው፤ እዚያ መሰርሰሪያ ይዞ የሚገባ ሰው የለም። ትልቅ ጀልባ ላይ ይህን ጫና የሚሸከም ጠንካራ ወለል ስላለ ቋሚው ያምርበታል። እኔ ጋ አልነበረም። የሸራው ምሰሶ ከካቢኑ መሃል የሚያልፍበት ጀልባ ያላችሁ ቋሚውን እሱ ላይ ብታስሩት ሌላ ነገር ነው። ከፍና ዝቅ የሚል ኪል ያላቸው ጀልባዎችም መሃል ላይ የኪሉ ሳጥን ስለሚቆም ጠረጴዛቸው ግማሹ ተሠርቶ የተሰጣቸው ያህል ነው።

ወደ ተጣጣፊው የዞርኩት እንደዚህ ነው። ካቢኑን ከፊተኛው መኝታ የሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ በስተግራ፣ 75 በ45 የሆነ ገበታ በማጠፊያ አስሬ ወደ ላይ እንዲታጠፍ አደረግሁት። ወደ ታች እንዳላደርገው 75 ሴንቲ ሜትሩ ከወለል እስከ ማጠፊያው ካለው 70 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ወደ ላይ ሲታጠፍ ጫፉ 1.45 ሜትር ላይ ይደርሳልና ከጣሪያው በታች ይቀራል። ገበታው 12 ሚሊ ሜትር የባሕር ፕላይዉድ (ስስ የእንጨት ንጣፎች ውሃ በሚቋቋም ሙጫ ተደራርበው የተጣበቁበት) ነው፤ ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ግድግዳው አይከብደውም።

አሁን ዋናው ጣጣ የነበረውን ልንገራችሁ፤ እግሩን።

መጀመሪያ ጫፉ ላይ አንድ ታጣፊ እግር አደረግሁለት። ቀላል ነው፣ ይሠራልም። ነገር ግን እግሩ ያረፈው በዚያው በሚነሳው ሳንቃ ላይ ነውና ሳንቃው ውሃ ሲነካው እግሩ ይንሸራተታል። መሃል ላይ አንድ ብቻ ስለሆነም ገበታው ወደ ግራና ቀኝ ይጠማዘዛል። ሁለት እግር ሞከርኩ፤ መጠማዘዙ ቀረ፣ የተቀመጠ ሰው ጉልበት ግን ሁልጊዜ ከአንዱ ጋር ይጋጭ ነበር። እግር የሚባለውን ትቼ ከግድግዳው ስር ተነስቶ ገበታውን በሰያፍ የሚደግፍ ክንድ ለመሥራት ወሰንኩ። ወለሉ ነጻ ሆነ፣ ሳንቃው ተነሳ። በጣም ረካሁ።

ለአንድ ወር ያህል ቆየ። አንድ ማታ ወንድሜ ከመቀመጫው ሲነሳ የገበታውን ጫፍ በሙሉ ክብደቱ ተደገፈ፤ ማጠፊያው ከነብሎኖቹ ከግድግዳው ተነቅሎ ወጣ። የብሎኖቹ ጥርስ ውስጥ የፕላይዉድ ፍርፋሪ ነበር። ጉዳት አልደረሰበትም፣ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳስብ አደርኩ። ያው ማጠፊያ፣ ያው እንጨት ውስጥ እየተጠመዘዙ የሚገቡ አጫጭር የእንጨት ብሎኖች፣ በእግሩ ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አልሆኑም ነበርና።

በማግስቱ ወረቀት ላይ ሳልኩት። እግሩ ጫፉ ላይ ሲሆን ጫፉን የሚጫነው ክብደት በቀጥታ በእግሩ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ማጠፊያው የሚያየው ነገር የለም። ሰያፉ ክንድ ግን ገበታውን የሚነካው ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር ርቆ ነው፣ ታችኛው ጫፉም ግድግዳውን የሚረግጠው ከማጠፊያው 50 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። ጫፉ ላይ 40 ኪሎ ሲጫን ክንዱ ወደ ላይ በ60 ኪሎ ይገፋል፤ 45 ዲግሪ ስለሆነ በዚያው 60 ኪሎ ገበታውን ከግድግዳው ያርቀዋል። ያንን የሚይዘው ማጠፊያው ብቻ ነው። ብሎኖቹን ቀጥ አድርጎ ወደ ውጭ ይስባቸዋል ማለት ነው። ወንድሜ ምናልባት 80 ኪሎ ጭኖ ከሆነ ስበቱ 120 ነበር። 10 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የእንጨት ብሎን እርጥበት በነካው ፕላይዉድ ውስጥ ይህን እንዲይዝ መጠበቅ ጥፋቱ የእኔ ነው። ተጣጣፊ ይሻላል ወይስ ቋሚ ብለን ስንከራከር ክብደቱ በየት በኩል አልፎ የት እንደሚያርፍ ማንም አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

ጥገናው እንዲህ ሆነ። የቀድሞዎቹን ቀዳዳዎች በ10 ሚሊ ሜትር አስፍቼ፣ እንጨቱ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ በማወፈሪያ ዱቄት ባጠነከርኩት ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ሙጫ) ሞላኋቸው። ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ መሃሉን በ5 ሚሊ ሜትር በሳሁት። በዚህ መንገድ ብሎኑ የሚያልፈው በኢፖክሲ ውስጥ ስለሆነ ውሃ ወደ ፕላይዉዱ ንብርብር አይገባም። የእንጨት ብሎኖቹን ጥዬ ግድግዳውን አልፈው የሚወጡ ብሎኖች ከሮንዴላና ከዳዶ ጋር አሰርኩ፤ ከጀርባ በኩል ደግሞ ጫናውን የሚያሰፋ 12 ሚሊ ሜትር የፕላይዉድ ድርብ አለ። ማጠፊያው ከዳር እስከ ዳር የሚሄደው የፒያኖ የሚባለው ዓይነት፣ 316 ከሚባለው የማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። 316 ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስለተቀላቀለበት፣ የባሕር ጨው ከሚያመጣው ነቁጥ ነቁጥ ከሚለው ዝገት 304 ከሚባለው ከተለመደው የማይዝግ ብረት ይልቅ ይከላከላል። ብሎኖቹንም ከዚያው ብረት አድርጉ። የናስ ማጠፊያን ከማይዝግ ብሎን ጋር ያሰረ ሰው ጨዋማ እርጥበት ሲያገኘው ናሱ ቀድሞ ሲበላ ያየዋል።

ክንዱንም ቀየርኩት። አንድ የነበረውን 35 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ ሁለት ዘንጎች አድርጌ በማገር አያያዝኳቸው፤ መጠማዘዙን የገደለው እሱ ነው። የታችኛው ጫፍ ግድግዳው ላይ ባለ፣ መግቢያ በተቆረጠለት የእንጨት ጉብታ ውስጥ ይገባል። ገበታው ሲታጠፍ ክንዱ ከሆዱ ጋር ተለጥፎ ይቀመጣል።

መቆለፊያውን በሚመለከት ማግኔት አትጠቀሙ። እኔ ተጠቅሜ ጀልባዋ ክፉኛ ባዘነበለችበት ቀን ገበታው በራሱ ወረደ፤ ማንም ከስሩ አለመቀመጡ ዕድል ነው። አሁን ተራ የበር መወርወሪያ ነው ያለው። እንዳያንኳኳ ከጀርባው ቀጭን ላስቲክ ለጥፌ መወርወሪያው ሲገባ ገበታውን ጠበቅ አድርጎ እንዲጫነው አድርጌዋለሁ። ክፈፉ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ማዕዘኖቹን ክፍት ተውኳቸው፤ ፍርፋሪው በጨርቅ ተጠርጎ የሚወጣው በዚያ ነውና። ፕላይዉዱ የተቆረጠበትን ጠርዝ ሁሉ በኢፖክሲ ሁለት ጊዜ፣ በመካከል በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ ቀብቼዋለሁ። ቨርኒሽ ብቻ እዚያ ላይ አይበቃም።

አንድ የማልደብቀው ነገር አለ። ብሎኖቹን ለማሳለፍ ግድግዳውን ስበሳ ከጀርባው ምን እንዳለ አላየሁም። ምሰሶው ጫፍ ላይ ወዳለው የመልህቅ መብራት የሚሄደው ሽቦ በጌጥ እንጨቱ ስር ያልፍ ኖሮ ቆረጥኩት። ያወቅሁት በማግስቱ ማታ መልህቅ ጥለን መብራቱ እምቢ ሲል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ መልህቅ ሲጣል መብራት ስለማብራት የተወሰነ ቅለት የሚሰጠው ከ7 ሜትር በታች ለሆኑት ብቻ ነው፤ የእኔ ከዚያ ትበልጣለች። በዚያ ሌሊት የእጅ ፋኖስ ከገመድ ላይ አንጠልጥዬ በየሰዓቱ እየተነሳሁ ሳየው አደርኩ። ሽቦውን ለጊዜው ቀጥዬዋለሁ፤ መጋጠሚያው ግን እርጥበት በሚያገኘው ቦታ ላይ ስለሆነ ምሰሶው ሲወርድ ከላይ እስከ ታች አዲስ አስገባለሁ።

ከዚያ በፊት የቀረኝ የሦስተኛው ሰው ቦታ ነው። አንድ ሰው ተመቻችቶ ለመብላት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይበቃል፣ ሦስተኛው ግን ሳህኑን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ጫፉ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ገበታ በማጠፊያ ልቀጥል እያሰብኩ ነው። ያኔ ጫፉ ከግድግዳው አንድ ሜትር ስለሚርቅ፣ ያው 40 ኪሎ ማጠፊያውን በ80 ይስበዋል። ካርቶኑን ትናንት ቆርጬ አጣብቄዋለሁ።