ለ402 ሜትር የምትዘጋጀው መኪና

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ውስጥ፣ የእህቴ ልጅ ሱባሩ ኢምፕሬዛውን ለድራግ ውድድር (በቀጥተኛ መንገድ ላይ ለሚደረግ የአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር) ሲያዘጋጅ አብሬው ቆየሁ። እሱ የጠየቀው የሞተሩን ጉልበት ስለሚጨምር ትልቅ ቱርቦ ነበር፤ መካኒኩ ግን ወደ ጎማው እያመለከተ፣ «አንተ ልጅ፣ ጉልበቱ መሬት ካልያዘ ምን ይሠራልሃል?» አለው።

ልክ ነው። 402 ሜትር በሚሆነው የሩብ ማይል ሩጫ፣ በመጀመሪያዎቹ 18 ሜትሮች የባከነች ሽርፍራፊ ሰከንድ በኋላ በፈረስ ጉልበት ብቻ በቀላሉ አትመለስም። ስለዚህ ለስላሳ ጎማና ጠንካራ ፍሪሲዮን ይቀድማሉ፤ የኋላ መቀመጫውን፣ ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን አውጥቶ ክብደት መቀነስም እንዲሁ፤ በልምድ እንደሚገመተው 45 ኪሎ ግራም መቀነስ 0.1 ሰከንድ ገደማ ያተርፋል።

ከተማችን ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በዚህም ምክንያት ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳል። ቱርቦ አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ያካክሳል፤ ነገር ግን ይህን ለማድረግ ይበልጥ በፍጥነት መሽከርከር ስላለበት አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀ አየር ደግሞ ነዳጁ ያለጊዜው እንዲቀጣጠልና ፒስተኑ እንዲጎዳ ሊያደርግ ይችላል። በእኔ እምነት፣ ከትልቅ ቱርቦ በፊት ከቱርቦው የሚወጣውን የሞቀ አየር የሚያቀዘቅዝ ጥሩ ኢንተርኩለርና የነዳጁን መጠን በጥንቃቄ የሚያስተካክል ባለሙያ ያስፈልጋል።

ፍሬኑም እንዲታደስ አጥብቄ ጠይቄያለሁ። ሙከራው መንገደኛ በሌለበት፣ በተዘጋ ቦታ ብቻ እንዲሆን ቃል አስገብቼዋለሁ፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የቱንም ያህል ቀጥ ያለና ሰፊ ቢሆን፣ እግረኛና ብስክሌተኛ የሚመላለስበት የሕዝብ መንገድ ነው።