በምሳሌ ለምን ተናገረ? ደሴ ላይ የወንጌልን ምሳሌዎች ያጠናሁበትና ያስጠናሁበት መንገድ

ደሴ ላይ ከሰንበት ተማሪዎች ጋር ምሳሌዎችን ስናጠና፣ ኢየሱስ በምሳሌ ለምን ተናገረ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሰሚዎቹ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ስለነበሩ፣ እንዲቀላቸው ነው።» ይህ መልስ ማቴዎስ 13፥10 ላይ ሲደርስ አይቆምም። ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ስለ ምን በምሳሌ እንደሚናገር ጠይቀዋል። የዘሪው ምሳሌ ትርጉም ተሰጥቷቸዋል፤ የእንክርዳዱን ደግሞ ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ቤት ውስጥ ጠይቀው ነው ያገኙት። ለማቅለል የተነገረ ነገር ይህን ያህል ማብራሪያ አይፈልግም። ስለዚህ ጥናቱን የምጀምረው ከወንጌል ሳይሆን ከ2ኛ ሳሙኤል 12 ነው።

ናታን ለዳዊት ስለ አንድ ባለጸጋና ስለ ድሃው አንዲት በግ ነገረው። ዳዊት ተቆጣ፤ ያን ያደረገ ሰው ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የሚለው ቃል የመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። ናታን በቀጥታ «የኦርዮን ሚስት ወስደሃል» ብሎ ቢጀምር ንጉሡ የሚከላከልበት ነገር አያጣም ነበር። ምሳሌው ሰሚውን ዳኛ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ተከሳሹ እሱ መሆኑን ያያል። ኢሳይያስ 5 ላይም የኢየሩሳሌም ሰዎች በወይን ቦታው ነገር እንዲፈርዱ ይጠየቃሉ። ማቴዎስ 21 ያንኑ የወይን ቦታ፣ ከነቅጥሩ፣ ከነመጥመቂያውና ከነግንቡ መልሶ ያመጣዋል፤ በገበሬዎቹ ላይ የሚፈርዱት ሰሚዎቹ ራሳቸው ናቸው (ቁጥር 41)፣ የካህናት አለቆችም ስለ እነርሱ እንደተናገረ ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው (ቁጥር 45)። ለዚህ ክፍል አንድ ሙሉ እሑድ እሰጣለሁ። እሱን የዘለለ ሰው ወንጌሉ ላይ ሲደርስ ምሳሌን እንደ ማስጌጫ ያየዋል።

ቅኔ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ «ሰምና ወርቅ ነው» ይላል። ይረዳል፤ ግን አንድ ጥንቃቄ አለው። ሰሙን ቶሎ አቅልጠን ወርቁን ብቻ ለመያዝ እንቸኩላለን። ዳዊት የተቆጣው በሰሙ ነው፤ በበጉ ታሪክ። ያ ቁጣ ባይኖር ወርቁ የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም ነበር።

ቃሉም ያግዛል። ግዕዙ «ምሳሌ» እና ዕብራይስጡ «ማሻል» የአንድ ሥር ቃላት ናቸው፤ የሰሎሞን መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ስለዚህ ምሳሌ ሲባል ተረትም፣ እንቆቅልሽም፣ የጥበብ ቃልም ይገባበታል። ግሪኩ «ፓራቦሌ» ደግሞ አንዱን ነገር ከሌላው ጎን ማስቀመጥ ነው።

ለእያንዳንዱ ምሳሌ ደብተር ላይ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ከምሳሌው በፊት ማን ምን ጠየቀ ወይም አጉረመረመ? ታሪኩ ውስጥ «እንዲህማ አይደረግም» የሚያሰኘው የቱ ነው? ታሪኩ የት ላይ ቆመ? የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ስህተት ያስቀራል። ደጉን ሳምራዊ ሉቃስ 10፥29 ላይ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ለይቶ የሚያነብ ሰው ስለ ምጽዋት የተሰጠ ምክር ያደርገዋል። ጌታ ግን መጨረሻ ላይ ጥያቄውን ገልብጦ ከሦስቱ ባልንጀራ የሆነው ማን እንደሆነ የሕግ አዋቂውን ይጠይቀዋል። «ማንን ልርዳ» ብሎ የገባው ሰው «አንተስ ለማን ባልንጀራ ሆንክ» የሚል ጥያቄ ይዞ ወጣ።

ከባዱ ቦታ ማቴዎስ 13፥13 እና ማርቆስ 4፥12 ናቸው። ሁለቱም ኢሳይያስ 6ን ይጠቅሳሉ፤ ማቴዎስ «ስለማያዩ» ሲል ማርቆስ ግን «እንዳያስተውሉ» ይላል። በግሪኩም ልዩነቱ አለ፦ የመጀመሪያው «ሆቲ»፣ ሁለተኛው «ሂና» ነው። የማርቆስን ለስላሳ ለማድረግ መጣር ስህተት ነው፤ ቃሉን እንዳለ ትቶ ዙሪያውን ማንበብ ይሻላል። አንደኛ፣ ማርቆስ 4፥10 ላይ የጠየቁት አሥራ ሁለቱ ብቻ አይደሉም፤ በዙሪያው የነበሩትም አብረው ጠይቀዋል። በሩ ቀርቦ ለጠየቀ ክፍት ነበር። ሁለተኛ፣ ዝቅ ብሎ ቁጥር 22 ላይ የተሸሸገ ነገር ሁሉ ሊገለጥ እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ኢሳይያስ 6 በፍርድ አያበቃም፤ በዕብራይስጡ የመጨረሻው ቃል ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ስለሚቀረው ቅዱስ ዘር ነው። ጌታ ይህን ምዕራፍ ከዘር ምሳሌ ጎን ያመጣው እንዲሁ አይመስለኝም። ምሳሌ ይሸሽጋል፣ ይገልጣልም፤ ሰምቶ የሄደው ተረት ይዞ ይሄዳል፣ ቆሞ የጠየቀው ትርጉሙን ያገኛል። ማቴዎስ 13፥33 ላይም ሴቲቱ እርሾውን በዱቄቱ ውስጥ «ሸሸገችው»፤ ሊጡን ያቦካውም ያ የተሸሸገው እርሾ ነው።

ዘሪውን ስናነብ ደሴ ታግዛለች። «ጭንጫ»ን ብዙ ሰው ድንጋይ የበዛበት አፈር ያደርገዋል። በጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው፦ ከሥሩ ቋጥኝ፣ ከላይ ስስ አፈር። ዝናብ ሲነካው ቀድሞ ይለመልማል፣ ፀሐይ ሲበረታ ቀድሞ ይጠወልጋል። ምሳሌው የሚለው ይህንኑ ነው። እንክርዳድም ለስንዴ ገበሬ አዲስ አይደለም፤ በቡቃያነቱ ከስንዴ አይለይም፣ ራስ ሲያወጣ ይታወቃል፣ ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ራስ ያዞራል። ቆላው ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ማሽላ የሚያርሱ ሰዎች ግን በእንክርዳድ ፈንታ አቀንጭራን ያነሳሉ። እዚህ ላይ ምሳሌው ይበላሻል። አቀንጭራ ከማሽላው ሥር የሚጠባ፣ ሐምራዊ አበባው ከሩቅ የሚለይ አረም ነው። የጌታ ቃል ግን መመሳሰል ላይ ነው የቆመው፤ አገልጋዮቹ እንዳይነቅሉ የተከለከሉት ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉ ነው። እርሻውም ቁጥር 38 ላይ «ዓለም» ተብሎ ተተርጉሟል፤ ይህን ዘልሎ ጎረቤትን እንክርዳድ ብሎ መሰየም በብዛት የሚታይ ጥፋት ነው።

ቁጥር ሲመጣ ሁልጊዜ አስልቼ አሳያለሁ። ማቴዎስ 18 ላይ ንጉሡ ለባሪያው የተወለት ዕዳ፣ «እልፍ መክሊት»፣ በጆሯችን «ብዙ» ሆኖ ያልፋል። እልፍ 10,000 ነው፤ አንድ መክሊት 6,000 ዲናር፣ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ደመወዝ። ጠቅላላው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ይሆናል፤ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 200,000 ዓመት። ያ ባሪያ ሊተውለት ያልወደደው ባልንጀራው ያለበት 100 ዲናር ወደ አራት ወር ደመወዝ ነው፤ እሱም ቀላል ዕዳ አይደለም፣ ምሳሌው የሚቆረቁረውም ለዚህ ነው። በማቴዎስ 20 የወይን ሠራተኞች ላይ ደግሞ እኛ ሰዓት መቀየር አያስፈልገንም፦ 3፣ 6፣ 9 እና 11 ሰዓት በእኛው አቆጣጠር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት ሥራ ፍለጋ የሚቆም የቀን ሠራተኛ፣ 11 ሰዓት ላይ ተጠርቶ 12 ሰዓት ላይ የሙሉ ቀን መቀበል ምን ማለት እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ከጠዋት የሠራው ሰው ማጉረምረምም እንዲሁ።

አንድምታን፣ «አንድም» እያለ ትርጉም የሚደራርበውን የቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ፣ በተመለከተ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ሊቃውንቱ ነጠላ ትርጉሙን ሳያስቀድሙ «አንድም» አይሉም። ሳምራዊው ክርስቶስ፣ የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን የሚለው ትርጓሜ የሚጣፍጠው የሕግ አዋቂው ጥያቄ አስቀድሞ ከተሰማ ነው። ሌላው መሰናክል እያንዳንዱን ሰው በአንድ ትርጉም መቸንከር ነው። ሉቃስ 18 ላይ ያለውን ዓመፀኛ ዳኛ «እግዚአብሔር ነው» ያለ ሰው ክፉ ነገር ተናገረ። አነጋገሩ «እሱ እንኳ ከፈረደ፣ ይልቁንስ እግዚአብሔር» የሚል ነው።

የመጨረሻው እሑድ ለሉቃስ 15 ነው። ከላይ ቁጥር 2 ላይ ፈሪሳውያን ከኃጢአተኞች ጋር ስለ መብላቱ ያጉረመርማሉ። የጠፋው በግ ተገኘ፣ የጠፋው የብር ገንዘብ፣ ድሪሙ፣ ተገኘ፣ ታናሹም ልጅ ተመለሰ። ታላቁ ልጅ ግን ደጅ ቆሟል፣ አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል፣ ምዕራፉም እዚያው ያበቃል። ገባ ወይስ ቀረ አልተጻፈም። ተማሪዎች መጨረሻውን ሊጨምሩ ይፈልጋሉ፤ እንዳይጨምሩ እከለክላለሁ፤ ከዚያ በቁጥር 2 ያጉረመረሙትን ሰዎች እንደገና እናነባቸዋለን።