ጠዋት ጠዋት አልነሳ የሚል የጀልባ ሞተር

ሰሞኑን ስልኬ ላይ የሚገባው ጥያቄ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ «ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይለኛል፤ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ያው ነው።» ካንዴላ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ ነው፤ ባሕር ዳር ወደብ ላይ የእሱን ያህል ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ አላየሁም። አዲስ ካንዴላ ደረቅና ንጹሕ ስለሆነ የዚያን ዕለት ያስነሳል። በማግስቱ እሱም ይረጥባል ወይም ይጠቁራል፣ ባለ ጀልባውም ሌላ ይገዛል።

ከመቀየሩ በፊት ተፈትቶ ይታይ። የማስነሻውን ገመድ ደጋግመህ ጎትተህ ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቤንዚን ሲሊንደር ውስጥ አልገባም፤ ስለ ብልጭታ ማውራት ገና ነው። ርሶ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ደግሞ ነዳጁ ደርሷል፤ ወይ በዝቷል፣ ወይ ብልጭታው ደክሟል። ሥራው በሙሉ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

እኔ የሞተሩን ክዳን የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ቀይዋ የማጥፊያ ገመድ ቦታዋ ላይ መሆኗን፣ ማርሹም ዜሮ ላይ መሆኑን አያለሁ። (አትሳቁ። ቱሪስት ጭኖ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ እየጎተተ፣ ቀይዋ ገመድ ኪሱ ውስጥ የተገኘችበት ጎረምሳ አውቃለሁ።) ቀጥሎ የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ብሎን ናት። እሷ ከተዘጋች ሞተሩ ይነሳና ዘጌ መንገድ ላይ ጥሎህ ይጠፋል። ከሰዓት ንፋስ ከተነሳ በኋላ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከዚያ ጎማው። ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ መሀሉ ላይ በእጅ የሚጨመቅ ፓምፕ አለው። ላዩ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት፤ ጥቂት ሲጨመቅም ድንጋይ መሆን አለበት። ካልጠነከረ በአብዛኛው አየር እየሳበ ነው። የጣና ፀሐይ ጎማ አይምርም፤ ቀን ከቀን እየጠበሰ ያደርቀውና እጥፋቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣል። ክፋቱ በእሷ በኩል ቤንዚን አይንጠባጠብም። ሞተሩ በሚስብበት ጊዜ ጎማው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ስለሚያንስ ቤንዚን ከመውጣቱ ይልቅ አየር ይገባል። «አያፈስም እኮ!» የሚሉኝ ሰዎች ስለዚህ አያሳምኑኝም።

ባለፈው የአንድ ደሴት ገዳም ጀልባ መጣልኝ፤ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ቱ ስትሮክ ሞተር ነው። አብረው የመጡት መነኩሴ «ልጄ፣ አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ደኅና ነው። ጠዋት ግን ጉርር ይልና ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቢጎትቱት አይሰማም። ብርዱ ይሆን?» አሉኝ።

«አባ፣ የባሕር ዳር ብርድ ሞተር አያቆምም። ፓምፑ ሲጨመቅ ይጠነክራል?»

«እሱማ ዱሮም ልል ነው።»

ነገሩ እዚያው አለቀ። ጎማው ታንኩ ላይ ከሚሰካበት መሰኪያ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ጥቁር የጎማ ቀለበት በካቻቪቴ ጫፍ አወጣኋት። አንድ ጎኗ ተበልቶ ጠፍጥፏል፤ በጥፍሬ ስጫናት ክር ሆና ተበጠሰች። ማታ ማታ በእሷ በኩል አየር እየገባ ጎማው ውስጥ የነበረው ቤንዚን ወደ ታንኩ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ውስጥ በቀረችው ነዳጅ ያጉረመርምና እሷ ስታልቅ ይጠፋል። አዲስ ቀለበት ገባ፣ ፓምፑ ጠነከረ። እሳቸው ሦስት ካንዴላ ገዝተው ነበር የመጡት፤ መልሰው ይዘዋቸው ሄዱ።

ጎማው ደኅና ሆኖ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ከወጣ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ያስተካከለው ባሕር ጠረፍ ላለ ሰው ነው፤ ጣና ግን ከባሕር ጠለል ወደ 1800 ሜትር ከፍ ይላል። እዚህ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ቤንዚኑን በለመደው መጠን ይለቀዋል፣ ድብልቁም ይወፍራል። በዚህ ላይ ቾክ፣ ማለት ለቀዝቃዛ ሞተር አየሩን የሚያጠበውን መሳቢያ፣ ሙሉ በሙሉ ስበህ ዝም ብለህ ስትጎትት ሞተሩ ይታፈናል። እኔ ቾክ የምስበው የመጀመሪያውን ጉርርታ እስክሰማ ብቻ ነው፤ ወዲያው እመልሳለሁ። ከታፈነ በኋላ ቀይዋን ገመድ ነቅሎ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቶ፣ ቾኩን መልሶ ጥቂት ጊዜ መጎተትና ካንዴላውን ማድረቅ ነው። ገመዷ የምትነቀለው ብልጭታ እንዳይኖር ነው፤ ከቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ጉም ነውና እሳት አይወድም።

ጂግለሩን፣ ማለት ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀዳዳ ያላትን የናስ ብሎን፣ በአንድ ቁጥር አነስ ባለች መቀየርም ይረዳል። ከዚያ በላይ ግን አታሳንስ። ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ነዳጅ ሲያጥረው ዘይትም ያጥረዋል፣ ፒስተኑ ይነድዳል።

ስለ ቤንዚኑ ራሱ ብዙ አልልም፤ ሁላችንም የምንገዛበትን ሁኔታ እናውቃለን። በሃይላንድ ጠርሙስ የተሸጠ ቤንዚን ላምባ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ላምባ ደግሞ በቀዝቃዛ ሞተር በቀላሉ አይቀጣጠልም። ዘይት ሳትጨምር በፊት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት ቅባት ይተዋል። ውኃ ካለው ጠርሙሱን አቁመህ ስትተወው ከታች ይዘቅጣል። ዘይቱን ደግሞ በዓይን አታፍስ። መመሪያው 50 ለ 1 ካለ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ አሮጌ ሞተሮች ከዚህ የበለጠ ሊፈልጉ ይችላሉ። «ትንሽ ጨምርበት፣ ይጠቅመዋል» የሚሉት ምክር ለካንዴላ ነጋዴ ይጠቅማል።

ክረምቱን ቆሞ የከረመ ሞተር ቾክ ተስቦ ብቻ የሚሠራና ቾኩ ሲመለስ የሚጠፋ ከሆነ በአብዛኛው የሚኒሞው ቀዳዳ፣ ማለት ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ቤንዚን የሚያገኝባት፣ በደረቀ ቤንዚን ሙጫ ተደፍኗል። ካርቡሬተሩ ይፈታ፣ በቤንዚን ይታጠብ፣ በአየር ይነፋ። ሽቦ አትክተትበት፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ወደ ልኳ አትመለስም።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ፣ ብልጭታውም ሰማያዊና ጠንካራ ሆኖ አሁንም እምቢ ካለ፣ ገመዱን ቀስ ብለህ ጎትት። እጅህን የሚይዝ ነገር ከሌለ፣ ገመዱ ያለ ትግል ከመጣልህ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እመቃ፣ ወርዷል። ያኔ ወይ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ወይ ጋርኒሲዮኑ (በሲሊንደሩና በክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል፤ ጀልባው ላይ ሆነህ አትታገለው፣ ሞተሩን አውርደህ አምጣው።