ኪልት ለብሼ ወደ ሆሊሩድ ቤተ መንግሥት

የብሪታንያ ንጉሥ በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ገደማ ወደ ስኮትላንድ ዋና ከተማ ወደ ኤዲንብራ ይመጡና በሆሊሩድ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ወደ 8,000 ለሚጠጋ ሰው የሻይ ግብዣ ያደርጋሉ። ለእኔም ጥሪው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለምለብሰው ልብስ ነበር። ወንድ ተጋባዥ በሙሉ ልብስ፣ በአገሩ የባህል ልብስ ወይም በስኮትላንድ ደገኞች ልብስ መምጣት ይችላል። ነጩን የአገር ልብሴን ብለብስ ማንም አይቃወመኝም ነበር። ነገር ግን በዚህች ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ልጆቼም የተወለዱት እዚሁ ነው። ስለዚህ የደገኞቹን የወንድ ሽንሽን ቀሚስ፣ ኪልትን፣ ለመልበስ ቆረጥሁ።

አንድ የኪራይ ሱቅ ሄጄ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ ሰብስቤ መጣሁ፤ ቀይ ታርታን (መስመሩና ቀለሙ የጎሣ ወይም የቤት መለያ የሆነ የሱፍ ጨርቅ)፣ አጭር ጥቁር ኮት፣ ፀጉራማና ብርማ ስፖራን። ኪልት ኪስ ስለሌለው ስፖራን የሚባለው ቦርሳ ከፊት ለፊት ይንጠለጠላል። ለብሼ ለጎረቤቴ አሳየሁ። በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኪልት ለብሰዋል። ዝም ብለው ዙሪያዬን ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይህ የማታ ልብስ ነው፤ አንተ የተጠራኸው ለቀን ነው» አሉኝ።

ፀጉርና ብር ያለበት ስፖራን ከአጭሩ ጥቁር ኮት ጋር ለማታ ድግስ የሚለበስ ነው። ለቀን የሚሆነው የሱፍ ኮትና ተራ የቆዳ ስፖራን ነው። ሱቁ ውስጥ ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያን ቀን ከሁሉ በላይ የቆጨኝ ይህ ነው።

ቀዩ ታርታን ደግሞ ሮያል ስቱዋርት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በየመደብሩ ይሸጣል፣ ማንም ይለብሰዋል፤ በወጉ ግን የንጉሣውያን ቤት ታርታን ነው። «የሰውየውን ልብስ ለብሰህ ቤቱ ትገባለህ?» አሉኝ ሽማግሌው። እ.ኤ.አ. በ1853 የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ያወጡት የባልሞራል ታርታንም አለ፤ እርሱ ለንጉሣውያን ቤተ ሰብና ለንጉሡ ባግፓይፕ (ባለ ከረጢት ዋሽንት) ነፊ ብቻ የተከለለ ነው። ጎሣ የሌለው ሰው ሊለብሳቸው ከሚችላቸው መካከል ጥቁር አረንጓዴና ሰማያዊ የተዋሐዱበትን ብላክ ዋች መረጥሁ። በቆቤ ላይ ላባ ልሰካ ስልም ከለከሉኝ። ሦስት የንስር ላባ የጎሣ አለቃ፣ ሁለት ከእርሱ በታች ያለ ሹም፣ አንድ ደግሞ የራሱ የጦር ዓርማ የተፈቀደለት ሰው ነው የሚያደርገው። ይህ ቶሎ ገባኝ። በእኛስ አገር ጎፈር በማንም ራስ ላይ ይደረግ ነበር?

እናቴ በስልክ ፎቶውን ስታይ «ሽንሽን እኮ ነው!» አለች። ልክ ናት። ስምንት ያርድ የሱፍ ጨርቅ ከኋላ በኩል ተሸንሽኖ ይሰፋል፣ ክብደቱም ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ከፊት ሽንሽን የለም፤ ሁለት ንብር ጨርቅ ይደራረብና የላይኛው ጫፍ በወንድ ቀኝ በኩል ይውላል። ወገቡ እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ ሳይሆን እምብርት አካባቢ ነው የሚታሰረው። ርዝመቱን ለማየት ሽማግሌው ወለሉ ላይ አንበረከኩኝ፤ ጠርዙ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ካለ ልክ ነው። ካልሲው ከጉልበት በታች ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ይታጠፋል። ሲቀመጡ ሽንሽኑን በሁለት እጅ ወደ ታች አስተካክሎ ነው፤ እናቶቻችን እንደሚያደርጉት።

ካልሲ ውስጥ የሚሻጠው ትንሽ ቢላዋ ስኪያን ዱ ይባላል። ስለታም ነገር ይዞ መንቀሳቀስን የሚከለክለው ሕግ እንኳ የባህል ልብስ አካል ሲሆን ይፈቅደዋል። እኔ ግን የራሴ ስላልነበረ ተውሁት።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ የገባኝ ሽማግሌው ታሪኩን ሲነግሩኝ ነው። ደገኞቹ እ.ኤ.አ. በ1746 በኩሎደን ጦርነት ከተሸነፉ በኋላ ከሠራዊቱ ውጭ ይህን ልብስ መልበስ በሕግ ተከለከለ። መጀመሪያ የተያዘ ስድስት ወር ይታሰራል፤ የደገመ ባሕር ማዶ ለሰባት ዓመት ይጋዛል። ሕጉ የተሻረው በ1782 ነው። በ1822 ደግሞ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ራሳቸው ኪልት ለብሰው በሆሊሩድ እንግዶችን ተቀበሉ። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከወህኒ ወደ ቤተ መንግሥት የገባ ልብስ ነው። ያን ከሰማሁ በኋላ በቸልታ ልለብሰው አልቻልሁም።

የግብዣው ዕለት ብሔራዊ መዝሙሩ ተዘመረ፤ አረንጓዴ የለበሱት የንጉሡ ቀስተኞች ሕዝቡን በመስመር በመስመር ከፈሉት። ንጉሡን ያገኘ ሰው ከወገቡ ሳይሆን ከአንገቱ ብቻ ዝቅ ይላል፤ መጀመሪያ «ግርማዊ ሆይ»፣ ከዚያ «ጌታዬ» ይላል። እጅ መንሳትንና ማደግደግን ለምናውቅ ለእኛ በጣም ቀላል ነው። ንጉሡ ያለፉት በሌላው መስመር ስለሆነ አንገቴን ዝቅ የማድረግ ተራ አልደረሰኝም። ይልቅ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «ይቅርታ፣ የኪልትዎ መርፌ ቁልፍ ሁለቱንም ጨርቅ ይዟል፤ ይቀድብዎታል» አሉኝ። ቁልፉ የላይኛውን ንብር ብቻ ነው የሚይዘው። ፈቃዴን ጠይቀው ጎንበስ አሉና በቀጭን ጣቶቻቸው ፈትተው እንደገና ሰኩልኝ።

በማግሥቱ ያዋሱኝን የቆዳ ስፖራን ልመልስ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። በስልኬ የአባቴን ሁለት ፎቶዎች አዩ። በአንደኛው የነጠላው ጥለት ከታች ነው፤ በሌላኛው ወደ ትከሻው ወጥቷል። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አነጻጸሩና፣ «ይህኛው ቀን ምን ሆኖ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። የአያቴ ለቅሶ እንደነበር ነገርኋቸው።